ቦይ የዋጠው

በጥር 2016 የፓሪስ ከተማ የሳን ማርታን ቦይን ውሃ አፈሰሰች (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ ቦይ በናፖሊዮን ትእዛዝ ተጀምሮ በ1825 የተከፈተ ነው። ወለሉ የሚታየው በየአሥር ወይም በየአሥራ አምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ዓሣዎቹ በመረብ ተሰብስበው ወደ ሌላ ውሃ ተዛወሩ፤ ከዚያ 90,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ቀስ እያለ ወረደ። ሕዝቡም ድልድዮቹ ላይ ተኮልኩሎ ቁልቁል ይመለከት ጀመር። ከጭቃው ውስጥ ብስክሌት፣ ስኩተር፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ፣ የሽንት ቤት መቀመጫና ስፍር ቁጥር የሌለው የወይን ጠርሙስ ብቅ አለ፤ የጦር መሣሪያም አልታጣም። ከዚያ በፊት በ2001 በተደረገው ጠረጋ 40 ቶን ቆሻሻ ወጥቶ ነበር። ካዝናዎች፣ የወርቅ ሳንቲሞች፣ ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ ቢያንስ አንድ መኪና፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሁለት ባለ 75 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይቶችም ከዚያው ውስጥ ነበሩ።

ፎቶግራፎቹ ዓለምን ዞሩ። ሰው ተደነቀ፣ ሳቀ፣ አንዳንዱም በፓሪስ ወጣቶች ሥነ ምግባር ላይ ፈረደ። ስለ ቦዮች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በዚሁ ጀምሮ በዚሁ ያልቃል፤ ምን ተገኘ፣ ስንት ቶን ወጣ። በየሀገሩ ስለ ቦይ አደጋ የሚታወቀውን ጎን ለጎን ላስቀመጠው ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ክሬን አንጠልጥሎ የሚያወጣው ዕቃና ሰውን የሚገድለው ነገር እምብዛም አይገናኙም። ለዜና የሚበቃው ብስክሌቱ ነው። የሚገድሉት ቀጥ ያለው ግድግዳ፣ ብርዱ፣ ደለሉ ውስጥ የሰረገው ኬሚካልና ዓይን የማያየው ትል ናቸው። ሁለቱንም ወገን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ የዚህን ቦይ ወለል ማየት የማን ሥራ ነው?

ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር የተጣለበትን ጠራርጎ ለታችኛው ጎረቤት ያስረክባል። ለጀልባ ተብሎ የተቆፈረ ቦይ ግን ውሃው እንዳይሄድ የተሠራ ነው፤ መሬቱ ዝቅ ባለ ቁጥር በር እየተበጀለት ደረጃ በደረጃ ይቆማል። ስለዚህ የወደቀበት ነገር ሁሉ በወደቀበት ይቀራል። በላዩ ላይ በየዓመቱ ጥቂት ደለል ይተኛበታል፣ የበልግ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ውሃውም ስለሚደፈርስ ግማሽ ሜትር ታች ያለው ነገር አይታይም። አምስተርዳም የቦዮቿ ውሃ እንዳይሸት በሌሊት በሮቿን እየከፈተች ንጹሕ ውሃ ታስገባለች። ይህ ሽታውን ያስወግዳል፤ የተጣለ ብስክሌትን ግን ከቦታው ንቅንቅ አያደርገውም።

የአምስተርዳምን ነገር ካነሳን፣ የከተማዋ የውሃ ድርጅት ዋተርኔት በዓመት ከ12,000 እስከ 15,000 ብስክሌት ከቦዮቹ ያወጣል እየተባለ ለዓመታት ሲነገር ኖሯል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይቀልዱበታል፤ ቦያችን ሦስት ሜትር ጥልቀት አለው፣ አንዱ ሜትር ጭቃ፣ አንዱ ሜትር ብስክሌት፣ አንዱ ሜትር ውሃ ይላሉ። ሥራው የሚሠራው ክሬንና ትልቅ የብረት ጥፍር በተገጠመለት ጀልባ ነው። ሠራተኛው ውሃው ውስጥ ያለውን አያይም። ጥፍሩን ያወርዳል፣ ይዘጋል፣ ያነሣል፤ የወጣው ዝገትና ጭቃ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ከተማው ሥራውን ከመረከቡ በፊት ደግሞ ረጅም ዘንግና መንጠቆ የያዙ ድሀ የብረታ ብረት ለቃቃሚዎች፣ የኛ ሰው ቁራሌዎች የሚላቸው ዓይነት፣ በራሳቸው ጀልባ እየዞሩ ያወጡት ነበር።

ብስክሌቱ ለምን እዚያ ገባ ሲባል መልሱ ሁልጊዜ ሰካራምና ባለጌ ነው። እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ከ800,000 በላይ ብስክሌት ባለበት ከተማ በየድልድዩ አጥርና በየቦዩ ዳር በሦስት ረድፍ ተደራርቦ ይቆማል፤ ነፋስ ይገፋዋል፣ መኪና ሲያቆም የሚያፈገፍግ ሰው ያንኳኳዋል፣ ሌባ ሰርቆ ያልፈለገውን ይወረውራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ የማይፈልገው አሮጌ ብስክሌት ማስጠገኛው ከመግዣው ሲበልጥ ቦዩ ነጻ የቆሻሻ ገንዳ ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች በኪራይ የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ስኩተሮች በዚሁ መንገድ ቦይ ገብተዋል። በስዊድን ማልሞ ጠላቂዎች ከቦዩ ሥር ሲያወጧቸው ታይቷል። እነዚህ ከብስክሌት የሚለዩት የሊቲየም ባትሪ ስለያዙ ነው፤ ውሃ ገብቶበት የቆየ ባትሪ ኬሚካሉን ያፈስሳል፣ ከወጣ በኋላም ሊቃጠል ይችላል። ፓሪስ በ2023 ሕዝቧን አስመርጣ የኪራይ ስኩተሮችን ከከተማው አስወጣች። ምክንያቱ የመንገድ ደኅንነትና የእግረኛ ምሬት ቢሆንም ለቦዩም ሳይበጅ አልቀረም።

እዚህ ላይ ለቆሻሻው አንድ ጥሩ ቃል መናገር ይገባል። አምስተርዳም የሰሜን–ደቡብ የሜትሮ መስመሯን ስትቆፍር ከ2003 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በዳምራክና በሮኪን በኩል የድሮውን የአምስቴል ወንዝ ወለል መርምረው ወደ 700,000 የሚጠጉ ዕቃዎች አገኙ። ቁልፍ፣ የሸክላ ስብርባሪ፣ የትምባሆ ጋያ፣ ጥርስ፣ ስልክ፣ ሁሉም ነበረበት። ያኔ ውሃ ውስጥ የጣለው ሰው የፈጸመው ነውር ዛሬ የከተማዋ ታሪክ ማስረጃ ሆኗል። ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ግን ይህን ያህል ክብር የሚጠብቃቸው አይመስለኝም።

የእንግሊዝ ቦዮች ታሪክ ሌላ ነው። ከ2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጉ ቦዮችና ወንዞችን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቦዮቹ በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለድንጋይ ከሰልና ለሸክላ ማጓጓዣ የተቆፈሩ ናቸው፤ ዛሬ የሚመላለሱባቸው ጠባብ ጀልባዎች ግን በአብዛኛው የሰው መኖሪያና የሽርሽር ናቸው። ከወለሉ የሚወጣው ዝርዝርም ጀልባ ነጂዎቹ በቃላቸው የሚያውቁት ነው፤ የሱፐርማርኬት ጋሪ፣ ጎማ፣ ብስክሌት፣ የመንገድ ሥራ ኮን፣ ፍራሽ።

ለጀልባ ነጂ እነዚህ ዕቃዎች እኩል አይደሉም። ጋሪ የጀልባውን ሆድ ይፍቃል፣ ወይም ያስቀምጠዋል። ጎማ ይገፋል። የሚፈራው የሚጠመጠመው ነው፤ ፌስታል፣ ገመድ፣ ልብስ፣ ሽቦ። ከሁሉ የከፋው ሽቦ ያለው ፍራሽ ነው። ጨርቁ በስብሶ ሲያልቅ የቀረው የሽቦ ጥቅል ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ በመቀስ አይቆረጥም። ጠባብ ጀልባ ኋላው ላይ በፕሮፔለሩ አናት ትክክል መክፈቻ ክዳን አለው፤ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉንም ነቅሎ ኪሱ ከትቶ፣ ክዳኑን ያነሣና እጁን እስከ ክርኑ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ሰድዶ በዳሰሳ ይፈታል። ቁልፉ ኪስ የሚገባው ሌላ ሰው ሳያውቅ ሞተሩን እንዳያስነሣው ነው። ክዳኑ በደንብ ሳይዘጋ ጉዞ የጀመረ ጀልባ ደግሞ ፕሮፔለሩ ራሱ ውሃ እየረጨበት ይሰምጣል። እንዲህ የሰመጡ ጀልባዎች ጥቂት አይደሉም። ውሃው አንድ ሜትር ተኩል እንኳ በማይሞላበት ቦይ ጀልባ ይሰምጣል ማለት ለሰሚ ቢያስቅም፣ አልጋውና ምድጃው እዚያ ላለ ሰው ቤት እንደ መቃጠል ነው።

ጀልባዎችን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሎክ የሚባለው ባለ ሁለት በር ገንዳ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ማንም ያልጣለው፣ መሐንዲሱ ራሱ የሠራው አደጋ ተደብቋል። በላይኛው በር ሥር ከግድግዳው ወደ ውስጥ የወጣ የድንጋይ ደፍ አለ፤ ገንዳው ሲሞላ ውሃ ይሸፍነዋል። ወደ ታች የሚወርድ ጀልባ ኋላው ከዚያ ደፍ በላይ ቆሞ ውሃው ከተለቀቀ፣ ፊቱ ከውሃው ጋር ሲወርድ ኋላው ድንጋዩ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይጋደምና ውሃ ይገባዋል። ሎክ ውስጥ ጀልባ የሚሰቀለው በዚህ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 1998 በሰሜን እንግሊዝ ጋርግሬቭ አጠገብ ጀልባ ሎክ ውስጥ ተይዞ ሰጥሞ አራት ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ በብዙ ሎኮች ግድግዳ ላይ ደፉ የሚያልቅበትን ቦታ የሚያሳይ ነጭ መስመር ተቀብቷል። መስመሩን ለመቀባት የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ ቀለም ነው።

ወለሉን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ፤ ይሄኛው እንኳ የሰው ሕይወት አልጠፋበትም። በ1978 በቼስተርፊልድ ቦይ፣ ሬትፎርድ አጠገብ ደለል የሚያወጡ ሠራተኞች መንጠቋቸው ከባድ ሰንሰለት ያዘ። ጎተቱት፤ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት ግንድ ነበር። ሌላ ዝገት መስሏቸው አስቀመጡት። ብዙም ሳይቆይ ውሃው እየተሽከረከረ በቀዳዳ ገብቶ ወደ አይድል ወንዝ ሄደ፤ ጀልባዎቹም ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ለካ የነቀሉት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች ለጥገና ሲያስፈልግ ውሃው እንዲፈስስበት የሠሩትን ውታፍ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅበት ይኖራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ውታፉ ያለበትን ቦታ ከሠራተኞቹ አንዱ እንኳ አለማወቁ ነው። ቦዩን የሠሩት ሰዎች በየጊዜው ይደርቃል፣ ይታያል ብለው ነበር ያቀዱት፤ የወረሱት ሰዎች ውሃ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ጠንካራ ማግኔት በገመድ አስሮ ቦይ ውስጥ እየጣሉ ብረት ማጥመድ በአሁኑ ጊዜ ብዙዎች የሚውሉበት ጨዋታ ሆኗል፤ ቪዲዮው በዩቲዩብ ሞልቷል። ከሳንቲምና ከመፍቻ ጋር ሽጉጥ፣ የተሰረቀ ካዝና፣ የእጅ ቦምብም ይወጣል። በቤልጂየም፣ በኔዘርላንድስና በሰሜን ፈረንሳይ የዓለም ጦርነት ያለፈበት መሬት ስለሆነ ቦምብ አምካኞች በየጊዜው ይጠራሉ። ሰማንያና መቶ ዓመት ጭቃ ውስጥ የተኛ ፈንጂ ከጊዜ ጋር ይሞታል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ዝገቱ ማቀጣጠያውን ያደክመዋል እንጂ ባሩዱን አያጠፋውም፤ ሲነቃነቅ ከአዲሱ ይልቅ የማይታመን ነው። ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት በቦዮቹ ላይ ማግኔት መጣልን ይከለክላል፤ ፈረንሳይም ያለ መንግሥት ፈቃድ አትፈቅድም። አጥማጆቹ በበኩላቸው እኛ በነጻ እናጸዳላችኋለን ብለው ይሟገታሉ። ባይከለከል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያወጣውን ዝገት ዳር ላይ ከምሮ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው፤ የእጅ ቦምብ በመኪናው ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድም አልጠፋም።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ። በቦይ ዳር የሚሞተው ሰው በአብዛኛው የሚዋኝ አይደለም፤ የሚሄድ ነው። ሌሊት ነው፤ ጠጥቷል፣ ወይም ስልኩን እያየ ነው፣ ወይም ሽንቱን ሊሸና ዳር ቆሟል። ወድቆ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ሲነካው ሰውነቱ ሳይታዘዝ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያ የመጀመሪያ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው አበቃ። የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚመክሩት በጀርባ መንሳፈፍንና ምንም ሳያደርጉ መጠበቅን ነው፤ ድንጋጤው ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ወደ ግድግዳው ይደርሳል። ግድግዳው ለጀልባ ማቆሚያ ተብሎ ቀጥ ብሎ የተገነባ፣ በድንጋይ ሽበት አረንጓዴ የሆነ፣ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ነው። የሚያዝ ነገር የለውም። ሁለት ሜትር በማይሞላ ውሃ፣ ከመጠጥ ቤት መብራት ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጤነኛ ወጣት የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቦታ የተነገረ ይመስላል።

የማንቸስተር ጉዳይ እዚህ ላይ አስተማሪ ነው። በከተማው መሀል በሚያልፉት ቦዮች ውስጥ በጥቂት ዓመታት ብዙ ሬሳ ሲገኝ፣ በ2015 ሰው እየገፋ የሚጥል ነፍሰ ገዳይ አለ የሚል ወሬ ጋዜጣውን ሁሉ ሞላው። ፖሊስ ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሎ ደጋግሞ ተናገረ፤ ወሬው ግን እስካሁን አልሞተም። ነፍሰ ገዳይ መኖሩን ማመን ይቀልላል። መብራት የሌለው መንገድ፣ አጥር የሌለው ዳርና መውጫ የሌለው ግድግዳ ገዳይ መሆናቸውን ማመን ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም እነዚህን የሚያስተካክል በጀት ያዥ አለ፤ ስሙም ይታወቃል። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በከተማው አንዳንድ ቦታ አጥርና መብራት ተጨመረ።

የኔዘርላንድስ ሰዎች ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ከልጅነት ነው። ልጆቻቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው የሚቀጥሉ የዋና ዲፕሎማዎች ይወስዳሉ፤ የመጀመሪያውን ለማግኘት እንኳ ሕፃኑ ሱሪና ጫማ አድርጎ መዋኘትና ከውሃ ሥር በሸራ ቀዳዳ ሾልኮ ማለፍ አለበት። ልብስና ጫማ የተባለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ሰው የዋና ልብስ ለብሶ አይወድቅም። በዚያው ሀገር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ እንዳሳየው ከአውሮፓ ውጭ ተወልደው የመጡ ነዋሪዎች በውሃ የመሞት ዕድላቸው ከአገሬው ሰው ከፍ ያለ ነው። ከደጋ አገር ወጥተው በሮተርዳምና በአምስተርዳም ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወላጆች ይህን ዲፕሎማ እንደ ትርፍ ትምህርት ባያዩት ይበጃል። ልጁ ብቻ ሳይሆን አባትየውም ቢማር። በበጋ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ዳክዊድ የሚባለው ጥቃቅን የውሃ አረም ለንደን ውስጥ ያሉ ቦዮችን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናቸዋል፤ ሣር መስሏቸው የሚረግጡት ውሾችና ሕፃናት ናቸው።

ከደለሉ ሥር ያለው ግን በዋና አይመለጥም። በኒው ዮርክ ብሩክሊን የሚገኘው የጎዋነስ ቦይ 2.9 ኪሎ ሜትር ብቻ ይረዝማል። በዳርቻው ከድንጋይ ከሰል ጋዝ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ተረፈ ምርታቸው ሬንጅ ነበር፣ የሚሄድበትም ቦታ ቦዩ። ሬንጁ፣ የፍሳሽ ቆሻሻውና ደለሉ ተዋህደው በሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው ጥቁር ዝልግልግ ጭቃ ሆኑ፤ የሰፈሩ ሰው ጥቁር ማዮኔዝ ይለዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ቦታውን በ2010 በፌዴራል ደረጃ ከሚጸዱ ቦታዎች መዝገብ አስገባው፤ ጭቃውን ማውጣት የተጀመረው ግን በኅዳር 2020 ነው። እዚህ ማንም ብስክሌት አልቆጠረም።

ከዚህም የባሰ በዚያው ግዛት በናያጋራ ፎልስ ደርሷል። በ1890ዎቹ ዊልያም ላቭ የተባለ ባለሀብት ከናያጋራ ወንዝ ውሃ ወስዶ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ቦይ መቆፈር ጀመረ፤ ገንዘቡ አለቀና ጥሎት ሄደ። የቀረው ጉድጓድ ውሃ ይዞ ለአካባቢው ልጆች መዋኛ ሆነ። ከ1942 እስከ 1953 ሁከር ኬሚካል የተባለው ኩባንያ በዚያ ጉድጓድ ወደ 21,000 ቶን የሚሆን ኬሚካል ቀበረና አፈር አለበሰው፤ ከዚያም መሬቱን በአንድ ዶላር ለከተማው የትምህርት ቦርድ ሸጠ። ውሉ ላይ ኬሚካል መቀበሩንና ኩባንያው ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ እንዳልሆነ የሚገልጽ አንቀጽ ገባበት። ቦርዱ ትምህርት ቤት ሠራበት፣ በዙሪያውም ቤቶች ተሠሩ። በ1970ዎቹ ብዙ ዝናብና በረዶ ሲወርድ ኬሚካሉ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት ሰረገ፤ በግቢዎቹ ዝገት የበላቸው በርሜሎች ብቅ አሉ። ሎይስ ጊብስ የምትባል የሰፈሩ እናት ጎረቤቶቿን አሰባስባ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አንቀጠቀጠች፤ በነሐሴ 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ተነሡ። የተበከሉ ቦታዎችን በበካዮቹ ወጪ የሚያስጸዳው የ1980ው የአሜሪካ ሕግ በዋናነት ከዚህ ሰፈር የተወለደ ነው። ልብ የሚነካው የሽያጩ አንቀጽ ነው። አደጋው አልተደበቀም፣ ተጽፎ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ግን አልነበረም። ይህ የድሮ ነገር ነው ለሚል፣ በነሐሴ 2024 በእንግሊዝ ዎልሶል ከአንድ የብረት ማጠናቀቂያ ፋብሪካ የወጣ ሶዲየም ሲያናይድ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ረጅም መንገድ ተዘግቶ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጀልባ ቦይ ነው። ቁጥሩ የከበደው ሞት ግን በመስኖ ቦይ ነው፤ ፎቶግራፍም ብዙ አይነሣለትም። በካሊፎርኒያና በሜክሲኮ ድንበር የሚሄደው፣ ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ኦል አሜሪካን ቦይ ከተሠራ ጀምሮ ከ500 በላይ ሰዎች ሰጥመውበታል፤ አብዛኞቹ በሌሊት ድንበር የሚሻገሩ ስደተኞች ናቸው። ውሃው ፈጣን፣ ዳሩ አዳላጭ ነው፤ የገባ ሰው ወደ ዳር ቢደርስ እንኳ አይወጣም። በውሃው ላይ የሚያዙ ተንሳፋፊ ገመዶች የተዘረጉት ከአሥርት ዓመታት ክርክር በኋላ በ2011 ነው። በሕንድ ሲዲ ወረዳ በየካቲት 2021 አውቶቡስ ቦይ ውስጥ ገብቶ ከ50 በላይ መንገደኞች አለቁ። በግብፅ የዓባይ ዴልታም መንገዱ ከቦዩ ጎን ለጎን ስለሚሄድ ሚኒባስ ቦይ ገባ የሚለው ዜና የተለመደ ነው።

የግብፅ ቦዮች የደበቁት ግን ከአውቶቡስ የሚበልጥ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ ያገኘው ትል በሰው ሽንትና ዓይነ ምድር ውሃ ይገባል፣ በቀንድ አውጣ ሆድ ይራባል፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ቦይ ለቀንድ አውጣው የተመቸ ቤት ነው። የግብፅ መንግሥት ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ለዚህ ትል በመርፌ ሰፊ ሕክምና ሲሰጥ በደንብ ያልተቀቀሉ መርፌዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሄፓታይተስ ሲ አስተላለፉ፤ ሀገሪቱ ለረጅም ጊዜ በዚህ በሽታ በዓለም ከፍተኛ ከሆኑት ተርታ ቆየች። ቦዩ የፈጠረው በሽታ፣ መድኃኒቱ ያመጣው ሌላ በሽታ። ከዚህ የከፋ የቦይ ታሪክ አላውቅም።

ይህ ትል ለኛም እንግዳ አይደለም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ1950ዎቹ በወንጂ የሸንኮራ እርሻውን ሲያስፋፋ፣ በኋላም በመተሐራ፣ ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ትሉን በሆዳቸው ይዘው መጡ፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ በአዲሶቹ ቦዮች ጠበቃቸው። ልጆች በሚዋኙበት፣ እናቶች ልብስ በሚያጥቡበት፣ ከብት በሚጠጣበት ቦይ ትሉ የሚያመጣው የአንጀት ቢልሃርዚያ ተስፋፋ። ለቀንድ አውጣው መድኃኒት ያገኘውም ሐበሻ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አስተዋለ። ከዚያ በኋላ የመጣው የረጅም ዘመን ምርምር በ1989 ለእሱና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘ። ቦዩን ሳያደርቅ ከውሃው ሥር ያለውን ያየ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

በሸዋ፣ በጎጃምና በወሎ ገበሬው በባህላዊ መስኖ የሚያካሂደው ሥርዓት እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የውሃ አባት ይመረጣል፤ ተራ የሚያወጣው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ሰውን ጠርቶ ቦይ የሚያስጠርገው እሱ ነው። ያልመጣ ይቀጣል። እንዲህ ያለ ቦይ ከዓመት ዓመት ወለሉ ይታያል፤ የወደቀበት ግንድና ድንጋይ የት እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል። ችግሩ የሚመጣው መንግሥት ሰፋ ያለውን ግንባታ ሲሠራና ሲያስረክብ ነው። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ትንንሾቹን ቦዮች ይረከባል፤ ዋናው ቦይ፣ መንገድ ሥር የሚያልፈው ካልቨርትና ሳይፈኑ የማን እንደሆነ ግን ግልጽ አይደለም። ሳይፈን የሚባለው ውሃው ወርዶ ከመንገድ ሥር አልፎ እንደገና የሚወጣበት ቱቦ ነው፤ አፉ ላይ የብረት ፍርግርግ ከሌለው የገባበት ልጅ ወይም ጥጃ አይወጣም፤ ፍርግርጉ ካለው ደግሞ በእንጨትና በፌስታል ይደፈንና ውሃው ዳሩን ጥሶ እርሻውን ያጥለቀልቃል። ፍርግርጉን የሚያጸዳ ሰው ካልተመደበ ሁለቱም አደጋ ነው።

ከተማም ላይ ያው ነው። አዲስ አበባ የጀልባ ቦይ የላትም፤ የጎርፍ ቦይ ግን አላት። በሐምሌ ውሃው መንገዱን ሲሸፍን ክዳኑ የተሰረቀ ማንሆል ከአስፋልቱ አይለይም። ቦዩን የሚደፍነው የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሚያዝያ ላይ ማውጣት የማን ድርሻ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መንገዱ፣ ውሃና ፍሳሹ፣ ወረዳው እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ።

ሥራው ምን እንደሆነ አይታወቅም ማለት አይቻልም። የኮንክሪት ቦይ ሲሠራ በየተወሰነ ርቀት ደረጃ ማበጀት፣ የእንስሳት መሻገሪያ ድልድይና ከቦዩ ወጣ ያለ የልብስ ማጠቢያ ማዘጋጀት፣ ቀጥ ባለው ግድግዳ ላይ የሚያዝ ሰንሰለት ማንጠልጠል ከአጠቃላዩ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። አምስተርዳም በ2019 በአንዱ ቦይ አፍ ላይ ከወለሉ የአየር አረፋ እያወጣ ፕላስቲኩን ወደ ዳር የሚገፋ መሣሪያ ተክላለች፤ ዓሣውና ጀልባው ያልፋሉ። ይሁንና በመስከረም 2020 እዚያው ከተማ ግሪምቡርግዋል ላይ የቦዩ ዳር ግድግዳ ተደርምሶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሰው አልተጎዳም። ግድግዳውን የተሸከመው የድሮ እንጨት ከሥር እጅ ሰጥቶ ነበር። ከተማዋ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የዳር ግድግዳ እንዲሁ መመርመርና መጠገን እንዳለበት ተናግራ ሥራውን ጀምራለች፤ በዓመት ከምታወጣው ብስክሌት ሁሉ የሚበልጠው ወጪም እዚያ ላይ ነው ያለው።